የእሳት ማጥፊያን በጎሚስታ አየር መሙላት ይቻላል ወይ? ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው በጎንደር ከተማ፣ በአዘዞ በኩል፣ አነስተኛ ጋራዥ አላቸው። በጋራዡ ውስጥ አራት ባለ 6 ኪሎ የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያዎች አሉ። የሁለቱ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) መርፌ ከአረንጓዴው ወደ ቀዩ ወርዷል፤ ሦስተኛው ባለፈው ዓመት «ይሠራ እንደሆነ» ተብሎ ለአፍታ ተረጭቶ ተመልሶ ተሰቅሏል፤ አራተኛው ደህና ይመስላል። «የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አለኝ፤ የብየዳ ሲሊንደርም አለኝ። ከፍቼ፣ ዱቄቱን አጥርቼ፣ አየር ሞልቼ መልሼ ብሰቅላቸው ምን ችግር አለው? ከተሳካልኝም ለጎረቤት ጋራዦችና ለሆቴሎች ልሠራ አስቤያለሁ፤ አንድ የደብር አስተዳዳሪም ጠይቀውኛል» ሲሉ ጽፈዋል።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። በኮምፕሬሰር አየር አይሙሉ፤ የብየዳውን ሲሊንደር ደግሞ ከእሳት ማጥፊያ ጋር በምንም መንገድ አያገናኙ። የቀረው ሥራ ሊለመድ የሚችል ነው፤ ይሁን እንጂ ተገቢው መሣሪያ ሳይሟላና ሥራውን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ቆመው ሳይማሩ የሚጀመር አይደለም። ምክንያቱን በዝርዝር አስረዳለሁ፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው መመሪያው በማይደርስበት ቦታም ትክክለኛውን ይመርጣልና።

ዛሬ ማታ ሥራ ሲያቆሙ በኮምፕሬሰርዎ ታንክ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ይክፈቱና ነጭ ሳህን ያስቀምጡላት። የሚወርደው ወተት የመሰለ፣ የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴማ ሳህኑ ሞልቶ ይፈሳል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። ያንን አየር አሥር እጥፍ ሲያምቁት እንፋሎቱ የሚኖርበት ቦታ በአሥር እጅ ስለሚጠብ ትርፉ ውኃ ሆኖ ይወርዳል፤ የቀረው አየር ደግሞ እርጥበቱን እንደጠገበ ወደ ቱቦው ይገባል። ለጎማ ይህ አይጎዳም። ለዱቄቱ ግን ሞቱ ነው። እርጥበት ያገኘው ዱቄት ቀስ በቀስ ይጓጉላል፤ ከታች ይረጋና እንደ ደረቀ ዳቦ ይጠነክራል። እሳት ተነሥቶ እጀታውን ሲጫኑት በመጀመሪያዋ ሴኮንድ ጥቂት ዱቄት ይወጣል፤ ከዚያ ጋዙ በዱቄቱ ውስጥ ቀዳዳ አበጅቶ ብቻውን ያመልጣል፤ ዱቄቱ እዚያው ይቀራል። የሚያሳዝነው፣ ጌጁ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አረንጓዴውን ሲያሳይ መኖሩ ነው። ጌጅ የሚመሰክረው ስለ ጋዙ ብቻ ነው፤ ስለ ዱቄቱ የሚያውቀው ነገር የለም።

በዚህ ምክንያት የሚሞላው ጋዝ ደረቅ ናይትሮጅን ነው። ኤንኤፍፒኤ 10 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ ናይትሮጅኑ እጅግ የደረቀ እንዲሆን ይጠይቃል፤ እርጥበት በሚይዝ ማጣሪያ ያለፈ የኮምፕሬሰር አየርን እንኳ ለደረቅ ዱቄት አይፈቅድም። በዚያ ላይ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 10 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ላይ የሚያቆም ሲሆን የእሳት ማጥፊያው መለያ ወረቀት የሚጠይቀው ግፊት በአመዛኙ ከ12 እስከ 15 ባር ነው።

ስለ ብየዳው ሲሊንደር የምለውን በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። የብየዳ ሲሊንደር ኦክስጅን ሊሆን ይችላል፤ ግፊት ያለበት ኦክስጅን ዘይት ወይም ቅባት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ይነድዳል፤ በጋራዥ ውስጥ ደግሞ ዘይት ያልነካው ነገር የለም። «ጥቁሩ ሲሊንደር ናይትሮጅን ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይመኑት። በቀድሞው የእንግሊዝ አሠራር ጥቁር የኦክስጅን ቀለም ነበር፤ በአዲሱ የአውሮፓ አሠራር ደግሞ ትከሻው ጥቁር የሆነው ናይትሮጅን፣ ነጭ የሆነው ኦክስጅን ነው። ሁለቱም ዓይነት በአንድ ወርክሾፕ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ ቀለሙን ትተው በሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን የጋዝ ስም ያንብቡ፤ ጽሑፉ ከጠፋ ወይም ከተጠራጠሩ ሲሊንደሩን ለሻጩ ይመልሱ። ሬጉሌተሩን (የግፊት መቀነሻውን) ለማጋጠም ሌላ ማገናኛ ማበጀት የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘም ያ ራሱ ጋዙ ሌላ መሆኑን የሚነግር ማስጠንቀቂያ ነውና ጥርሱን አስገድደው አያስገቡ።

ናይትሮጅኑ ትክክለኛ ሆኖ ሲገኝም ሬጉሌተር የግድ ነው። የሞላ የናይትሮጅን ሲሊንደር እስከ 200 ባር ይደርሳል፤ የእሳት ማጥፊያው ገላ ግን የሚፈተነው ብዙውን ጊዜ ከ30 ባር ብዙም በማይርቅ ግፊት ነው። በቀጥታ ቢያገናኙት ገላው ይፈነዳል፤ ቆርቆሮው በአቅራቢያው ያለውን ሰው ለመግደል የሚበቃ ኃይል አለው።

አሁን ወደ መክፈቱ ልግባ፤ በሥራችን ውስጥ ሰው የሚጎዳው ይበልጡን እዚህ ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ መርፌው ዜሮ ላይ የተኛ አንድ ባለ 6 ኪሎ በሞርሳ አስሬ የቫልቩን ራስ መፍታት ጀመርኩ። ሦስተኛው ጥርስ ላይ ስደርስ ቀጭን «ስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያሠለጥነኝ የነበረው ሰው ከኋላዬ ሆኖ «አቁም፤ እጅህን አንሣ» አለኝ። ድምፁ እስኪያልቅ ረጅም ጊዜ ፈጀ። በኋላ ጌጁን ፈትተን ስናየው መርፌው ተጣምሞ ከመቆሚያዋ ጫፍ ጋር ተያይዟል፤ ውስጡ ግፊት እያለ እሱ ዜሮ ብሎ ነበር። ሁለት ጥርስ ጨምሬ ፈትቼ ቢሆን ኖሮ ያ የነሐስ ራስ አገጬን ይዞት ይሄድ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ዜሮ የሚያሳይን ጌጅ የማምነው በሌላ መንገድ ካረጋገጥኩ በኋላ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመክፈትዎ በፊት እሳት ማጥፊያውን ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው፣ የዓይን መነጽርና የአቧራ ጭንብል አጥልቀው ይገልብጡት። ሲገለበጥ ዱቄቱ ወደ ቫልቩ በኩል ይወርዳል፤ የውስጥ ቱቦው ጫፍ ግን ከዱቄቱ በላይ ጋዙ ውስጥ ይቀራል፤ በዚያ ሁኔታ ፒኑን ነቅለው እጀታውን ቀስ አድርገው ሲጫኑት የሚወጣው በአብዛኛው ጋዝ ነው። ጥቂት ዱቄት መውጣቱ ስለማይቀር የቱቦውን አፍ በወፍራም ከረጢት ይሸፍኑት። ድምፁ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ አቁመው በሞርሳ ይሰሩት፤ ገላው እንዳይጨፈለቅ በጎማ ወይም በእንጨት ይደግፉት። ፊትዎንና ደረትዎን ከቫልቩ አናት አርቀው በጎን በኩል ቆመው ይፍቱ። በቫልቩ ወይም በአንገቱ ጥርስ ላይ ያለችው ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ የተሠራችው የቫልቩ ራስ ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ የቀረው ጋዝ አስቀድሞ እንዲወጣባት ነው፤ ድምፅ ከሰሙ እጅዎን ያንሡና ይጠብቁ። ጌጅ የሌለው፣ የጋዝ ካርትሪጅ (ጋዙ ለብቻው የሚቀመጥበት ትንሽ ዕቃ) ያለው ዓይነት ከመጣልዎ ግን አሠራሩ ሌላ ስለሆነ ለጊዜው አይንኩት።

ገላው ባዶ ሲሆን በትንሽ መብራት ውስጡን ይመልከቱ። ዝገት የበላውና ጉድጓድ ያበጀ፣ በተለይም ወለል ሲታጠብ ከሥሩ ውኃ ሲያቁር የኖረ፣ ብየዳው አጠገብ የተጨረመተ፣ እሳት የነካው፣ ወይም ቀድሞ የተበየደ ገላ ይወገዳል። እርስዎ የብየዳ ባለሙያ ስለሆኑ ይህን ደግሜ እላለሁ፦ የእሳት ማጥፊያ ገላ አይበየድም፤ ትንሿንም ቀዳዳ መድፈን አይፈቀድም። የሚወገደውን ገላ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ሌላ ሰው ቀለም ቀብቶ እንዳይሸጠው በመሰርሰሪያ ይብሱት።

ዱቄቱን በተመለከተ በመጀመሪያ ዓይነቱን ከመለያው ላይ ያንብቡ። ኤቢሲ የሚባለው በአብዛኛው ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው፤ ቢሲ የሚባለው ደግሞ ሶዲየም ወይም ፖታሲየም ባይካርቦኔት ነው። የመጀመሪያው አሲድነት፣ ሁለተኛው የአሲድ ተቃራኒነት ስላላቸው ሲደባለቁ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ያወጣሉ፤ በተዘጋ ገላ ውስጥ ግፊት ይጨምራሉ፤ ዱቄቱንም ያጓጉላሉ። የተቀላቀለው ጥቂት እፍኝ ቢሆንም እንኳ ጉዳቱ አይቀርም። ስለዚህ ለየዓይነቱ ማንቆርቆሪያው፣ ወንፊቱና ዕቃው ሁሉ የተለየ ይሁን። በቀለም አይለዩ፤ አምራቾች ቀለሙን እንደየፍላጎታቸው ስለሚቀይሩት።

ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ገበሬዎቻችን ለረጅም ጊዜ «ዳፕ» ሲሉ ያወቁት ማዳበሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን የሰማ ሰው ማዳበሪያውን ወቅጦና ነፍቶ ልሙላ ቢል አይደንቅም፤ ነገር ግን የእሳት ማጥፊያ ዱቄት እጅግ የላመ፣ እርጥበት እንዳይጠጣ በሲሊኮን የተቀባ፣ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ነገር የተጨመረበት ሥራ ነው። ልዩነቱን በቤትዎ ማየት ይችላሉ። ብርጭቆ ላይ ውኃ ሞልተው ከዱቄቱ ቁንጥር ቀስ አድርገው ይበትኑበት። ደህናው ዱቄት እንደ አቧራ በውኃው ላይ ተንሳፎ ይቆያል፤ ጣትዎን ሲያጠልቁ እንኳ ዱቄቱ ጣትዎን ሸፍኖ ውኃው ሳይነካዎ ይቀራል። የምግብ ሶዳ ወይም የተወቀጠ ማዳበሪያ ከሆነ ወዲያው ይርሳል፤ ይሰጥማል። ይህ ሙከራ የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም፤ ግን በርካሽ የመጣን ከረጢት ለመጠራጠር ይበቃል። የተጓጎለ ዱቄት ወቅጦ መመለስ አይገባም። የደረቀና ያልተጓጎለ፣ ዓይነቱም አምራቹም በእርግጠኝነት የታወቀ ከሆነ ብቻ በንጹሕና በደረቅ ዕቃ ተቀምጦ ወደዚያው ገላ ሊመለስ ይችላል።

ቫልቩን ሲያጸዱ ውኃም ናፍታም አይጠቀሙ፤ ደረቅ ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሽና ደረቅ ናይትሮጅን ይበቃል። ኦሪንጉን (ክብ የጎማ ማሸጊያውን) ሁልጊዜ በአዲስና በትክክለኛው መጠን ይቀይሩ፤ ሲሊኮን ቅባት በጣም በስሱ ይቀቡት እንጂ ግሪስ አይጠቀሙ። የውስጥ ቱቦውንና የመርጫውን ጎማ ብርሃን አሳይተው ክፍት መሆናቸውን ይዩ፤ የሸረሪት ድርና የተርብ ጭቃ ያለበት ጎማ ከአንድ ጊዜ በላይ አጋጥሞኛል።

ዱቄቱን በሚዛን መዝነው በመለያው ላይ በተጻፈው ልክ ይሙሉ። አዲስ የተፈሰሰ ዱቄት አየር ስለሚይዝ ገላው የሞላ ይመስላል፤ ጥቂት ጊዜ ሰጥተው እስኪረጋ ይጠብቁ እንጂ ሚዛኑ ሳይደርስ አይዝጉ። የአንገቱን ጥርስና የኦሪንጉን መቀመጫ ከዱቄት አጽድተው ቫልቩን መልሰው ያጥብቁ። ከዚያም የሬጉሌተሩን ግፊት መለያው ከሚጠይቀው ቢበዛ በ1.7 ባር አስበልጠው ያስተካክሉ፤ እሳት ማጥፊያውን ከወፍራም ብረት በተሠራ መከላከያ ውስጥ አቁመው በማገናኛው ያያይዙት፤ እጀታው ተጭኖ ጋዙ ይገባል። መሙላቱ መቆም ያለበት በራሱ በማጥፊያው ትንሽ ጌጅ ሳይሆን በየዓመቱ በሚመረመረው የሬጉሌተር ጌጅ ነው፤ የማጥፊያው ጌጅ ከዚያ ጋር ካልተስማማ የሚቀየረው እሱ ነው። ተያይዞ ትተውት ሻይ ለመጠጣት አይሂዱ። ናይትሮጅን ሽታ የሌለውና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰው የሚያፍን ስለሆነም በሩ ክፍት ይሁን።

ከሞሉ በኋላ አንገቱን፣ የጌጁን ሥርና የመርጫውን አፍ በሳሙና ውኃ ያርጥቡ። አንዲት አረፋ ብታድግ ሥራው አልተጠናቀቀም። ከዚያ ያድርቁት፤ ጎማውን፣ ፒኑንና የፕላስቲክ ማሸጊያውን ይመልሱ፤ ይመዝኑትና ክብደቱን ይጻፉ። እኔ በዚያው ቀን ለደንበኛ አላስረክብም፤ በማግስቱ መርፌውን አይቼ፣ ካልወረደ ነው የማስረክበው።

ለሙከራ የተረጨው ሦስተኛው ማጥፊያ በዚህ ላይ የሚማሩበት ነው። እጀታው አንዴ ከተጫነ ዱቄት በቫልቩ መቀመጫ ላይ ይጣበቃል፤ ቫልቩ ሲመለስ በደንብ አይገጥምም፤ ጋዙ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ጥቂት እንኳ የተረጨ የዱቄት ማጥፊያ እንደ ባዶ ይቆጠራል። ለደንበኞችዎ ይህን ደጋግመው ይንገሯቸው።

ደህና የሚመስለው አራተኛውም ዕድሜው ይጠየቃል። በአሜሪካው ደረጃ መሠረት ማጥፊያው በየወሩ በዓይን ይታያል፤ በየዓመቱ ይመረመራል፤ በየ6 ዓመቱ ተከፍቶ ውስጡ ይፈተሻል፤ በየ12 ዓመቱ ገላው በውኃ ግፊት ይፈተናል። የእንግሊዙ ደረጃ በየ5 ዓመቱ እንዲረጭና እንዲሞላ ይጠይቃል። የአምራቹ መለያ ከዚህ ያጠረ ጊዜ ከጻፈ አምራቹን ይከተሉ። የገላ ፈተና በውኃ እንጂ በአየር አይደረግም፤ ውኃ ብዙም ስለማይታመቅ ገላው ቢቀደድ ፈሶ ያልቃል፤ አየር ግን ይፈነዳል።

የጎንደር ከፍታ ጌጁን ያሳስታል ወይ ብለው ለሚጠይቁ፦ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ባሕር ዳርቻ ላይ የተሞላ ማጥፊያ እዚህ ሲደርስ 0.2 ባር ያህል ብልጫ ያሳያል፤ ይህ ከአረንጓዴው አያወጣውም። ይበልጥ የሚታሰበው ሙቀቱ ነው። በ20 ዲግሪ 13 ባር የተሞላ ማጥፊያ በመተማ መንገድ 45 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ባር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ለመተማ መኪና ነው ብለው አስበልጠው አይሙሉ፤ ሾፌሩም በመስታወት አጠገብ ፀሐይ ላይ እንዳያስቀምጠው ይንገሩት። የመኪና ማጥፊያ በመንገዱ ንዝረት ዱቄቱ እየተጠቀጠቀ ስለሚሄድ የዓመቱን ምርመራ መዝለል የለበትም።

የደብሩን አስተዳዳሪ በተመለከተ ምክሬ ከሥራ ይልቅ ለቅርሱ ያደላ ነው። ኤቢሲ ዱቄት በእሳት ሲሞቅ ቀልጦ በዕቃው ላይ ይጣበቃል፤ የቀረውም ከእርጥበት ጋር አሲድ ሆኖ ይበላል። በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሸራ ሥዕል፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ እንዳሉት ባሉ የመላእክት ፊቶች፣ በዕቃ ቤት በተቀመጡ የብራና መጻሕፍት ላይ አንዲት መርጨት ቢደርስ ከጧፍ የተነሣች ትንሽ እሳት ካደረሰችው ጉዳት የበለጠ ሊሆን ይችላል። ለሥዕልና ለመጽሐፍ አቅራቢያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሻላል፤ ቅሪት አይተውም። ሆኖም ፍም የያዘ እንጨትና ጨርቅ ላይ ደካማ ስለሆነና በጠባብ ክፍል ሰው ስለሚያፍን በቅጥር ግቢው የውኃ ማጥፊያ አብሮ ይኑር፤ ዱቄቱ ከውጭ ለጄኔሬተሩ ይሁን። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያን ግን እርስዎ አይሙሉ፤ በ20 ዲግሪ እንኳ ውስጡ 57 ባር ያህል ስለሆነ ሌላ መሣሪያና ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል።

ከጥምቀት በፊት ሆቴሎች ሁሉ በአንድ ሳምንት ቢያመጡልዎ የአንዱን ሆቴል ማጥፊያዎች በሙሉ በአንድ ቀን አይውሰዱ፤ የተወሰደው እስኪመለስ በቦታው ተለዋጭ ይተዉ። በእያንዳንዱ ላይ የሞሉበትን ቀን፣ የዱቄቱን ዓይነት፣ ክብደቱን፣ ግፊቱንና የእርስዎን ስም የያዘ ወረቀት ያስሩ።

አሁን ላሉዎት አራት ማጥፊያዎች፦ ሁለቱንና የተረጨውን መደበኛ መሙያ መሣሪያ ወዳለው ወርክሾፕ ይውሰዱ፤ ሥራው ሲከናወንም ከጎን ቆመው እንዲያዩ ይጠይቁ። እስኪመለሱ ድረስ ብየዳ የሚሠሩት አራተኛው ማጥፊያ ባለበት ክፍል ብቻ ይሁን፤ የቀን ማኅተሙንም ዛሬውኑ ያንብቡ። ወደፊት ራስዎ መሥራት ሲጀምሩ የሚተርፈውን አሮጌ ዱቄት በታሸገ ከረጢት አድርገው ለማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ ማስወገጃ ያስረክቡ። በጎርፍ መውረጃ ውስጥ አይድፉት፤ ዝናቡ ወደ ወንዝ ይወስደዋል፤ ፎስፌት አልጌን ይመግባል።